በሴቶቹ መም ላይ ማን ይሰለፍ? የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሙግት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 የዛሬው ዝግጅታችን ወደ አሜሪካ ይወስደናል፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ሜዳ። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ልጀምር።

በማርች 2022 የዩታ ግዛት አገረ ገዥ ስፔንሰር ኮክስ፣ ምክር ቤቱ አጽድቆ የላከላቸውን ሕግ አልፈርምም ብለው መለሱት። ሕጉ ትራንስጀንደር ተማሪዎች በሴቶች የስፖርት ቡድን እንዳይገቡ የሚከለክል ነበር። ኮክስ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሕጉን ያወጡትም የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ለምን እንዳልፈረሙ ሲያስረዱ በደብዳቤያቸው ላይ ቁጥር ደረደሩ። በዩታ 75,000 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በስፖርት ይሳተፋሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ትራንስጀንደር የሆኑት 4 ናቸው፤ ከ4ቱ ደግሞ በሴቶች ስፖርት ውስጥ ያለችው 1 ብቻ ናት። ምክር ቤቱ ግን አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን የአገረ ገዥውን ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ሽሮ ሕጉን አጸደቀው።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ “ለአንዲት ተማሪ ተብሎ ሕግ ይወጣል እንዴ?” ይላል። ሌላው ደግሞ “አንድም ሆኑ ሺህ፣ ያቺ አንዷ የምትቀድማት ልጅ የሰው ልጅ አይደለችም ወይ?” ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ጥያቄዎች ቀለው የሚታዩ ሆነው አላገኘኋቸውም። የአሜሪካ ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጮክ ብሎ በመናገር ሌላውን ማፈን ሆኗል። በዚህ ዝግጅት ሁለቱንም ይዘን ለመሄድ እንሞክራለን።

ትራንስጀንደር ሲባል፣ ሲወለዱ ከተመዘገቡበት ጾታ የተለየ ማንነት አለን የሚሉ ሰዎች ማለት ነው። የዛሬው ጉዳያችን በተለይ ሲወለዱ ወንድ ተብለው ተመዝግበው፣ ኋላ ግን እንደ ሴት የሚኖሩ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ርእስ በእኛ ዘንድ ሲነሳ ወዲያው ወደ ሃይማኖትና ወደ ባህል እንደሚሄድ አውቃለሁ። ያ ክርክር የራሱ ቦታና የራሱ ሰዎች አሉት። እኛ ዛሬ የምናየው የስፖርት ደንቡን ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር፣ ይህን የሚወስነውስ ማን ነው?

(አጭር ሙዚቃ)

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንነሳ። በአሜሪካ የሴቶች የትምህርት ቤት ስፖርት የዛሬ ቁመናውን ያገኘው በአንድ አጭር ሕግ ምክንያት ነው። ጁን 23 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙት ይህ ሕግ “ታይትል ናይን” ይባላል። ዋናው አንቀጽ በእንግሊዝኛው 37 ቃላት ብቻ ነው ያሉት፤ ስፖርት የሚል ቃል ጨርሶ የለበትም። የሚለው፣ የፌደራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ተቋም ውስጥ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት አድልዎ አይደረግበት ነው።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበረው የትምህርት ዘመን በመላ አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የሚሳተፉ ልጃገረዶች 300,000 አይሞሉም ነበር። ወንዶቹ ከ3.6 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። ዛሬ ልጃገረዶቹ ራሳቸው ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ ያለ ለውጥ በሕግ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ያለ ሕጉ ግን የሚመጣ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ሙግቱ በሙሉ የተንጠለጠለበትም ይኸው ነው። በጾታ አትለዩ የሚለው ሕግ፣ በስፖርት ሲሆን መለየትን ፈቀደ። በ1975 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ተጫዋቾች በችሎታ ተወዳድረው በሚመረጡበት ወይም አካል ለአካል በሚነካካበት ስፖርት፣ ለወንድና ለሴት የተለያየ ቡድን ማቋቋም ይቻላል አለ። ለምን? በሒሳብ ክፍል ውስጥ ወንድና ሴትን መለየት ሴቷን መበደል ነው። በመቶ ሜትር ሩጫ ግን አለመለየት ነው ሴቷን የሚበድላት፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይሩጥ ቢባል የፍጻሜው መስመር ላይ ሴት አትገኝማ።

ይህን ለኛ አድማጭ በራሳችን መም ማስረዳት ይቀላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንግሎ ላይ በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ የሴቶቹን ሰበረች። ሁለቱም በዘመናቸው ዓለም ያላየውን ሮጠዋል። ሁለቱ በእነዚህ ሰዓቶች በአንድ መም ላይ ቢሮጡ ግን፣ ቀነኒሳ ገመዱን ሲበጥስ ለተሰንበት ከሁለት ዙር በላይ ይቀራታል። የሴቶች ውድድር የሚባል ባይኖር ለተሰንበትን የምናውቃት በምን ነበር? ልዩነቱ በሩጫ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ነው፤ በዝላይ ከዚያ ይሰፋል፤ በክንድና በትከሻ ጉልበት በሚሠሩ ስፖርቶች ደግሞ የበለጠ ይሰፋል።

ስለዚህ የሴቶች ምድብ እንዲሁ የስም ክፍፍል አይደለም። ሆን ተብሎ የታጠረ አጥር ነው፤ አጥሩ ከተነሳ ውስጡ ያለው ነገር የለም። የሴት አትሌቶችና የወላጆቻቸው ስጋት ከዚህ ይነሳል፤ ስጋቱን የፈጠራ ወሬ ነው ብሎ ማጣጣል ስፖርትን አለማወቅ ይመስለኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? መልሱ ብዙውን ነገር የሚወስን ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ከጉርምስና በፊት ወንድና ሴት ልጆች በሩጫና በዝላይ ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ያቺ ትንሿ ልዩነትም ከተፈጥሮ ትምጣ ወይስ ወንዶቹ ገና ከልጅነት ውጭ ውለው ስለሚሯሯጡ፣ ባለሙያዎች ይከራከሩባታል። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የወንዱ ሰውነት ቴስቶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ማመንጨት ይጀምራል፤ ጎልማሳ ሲሆን መጠኑ ከሴቷ በ15 እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ቁመት ይጨምራል፤ አጥንት ይረዝማል፤ ጡንቻ ይወፍራል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል። አሥረኛ ክፍል ላይ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ስድስተኛ ክፍል ላይ ሳሉ እኩል ይሯሯጡ እንደነበር ማንም የስፖርት መምህር ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በዚህ ጉርምስና ያለፈ ሰው ቴስቶስትሮኑን በመድኃኒት ቢቀንስ ያገኘው ብልጫ ይጠፋል ወይ? የሚለው ነው። ሄሞግሎቢኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሴቶቹ መጠን ይወርዳል። ጡንቻው ግን እንዲህ በቶሎ አይሄድም፤ ከዓመት ሕክምና በኋላ የሚቀንሰው 5 በመቶ አካባቢ መሆኑን በ2021 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ቁመትና የአጥንት ርዝመትማ ወደ ኋላ አይመለስም። በአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ላይ የተሠራ ጥናት ሁለቱንም ወገን የሚያነጋግር ውጤት ነው ያገኘው። ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ ትራንስጀንደር ሴቶቹ በፑሽ አፕና በሲት አፕ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር እኩል ሆኑ፤ በሩጫ ግን አሁንም በ12 በመቶ ይፈጥኑ ነበር።

እነዚህ ጥናቶች ግን የተሠሩት በአዋቂዎች ላይ ነው፤ አብዛኞቹም በስፖርተኞች ላይ አይደሉም። የ14 ዓመት ተማሪ ሌላ ሰው ናት። በተለይ ጉርምስናን የሚያግድ መድኃኒት በጊዜ የጀመረች ልጅ በወንድ ጉርምስና አላለፈችም። እንግዲህ አንድ ደንብ ሲወጣ የ11 ዓመቷን የመለስተኛ ደረጃ ተማሪና የ17 ዓመቷን የግዛት ሻምፒዮና ተወዳዳሪ በአንድ ሚዛን ላስቀምጥ ካለ፣ ሳይንሱ የሚለውን ትቶ መንገዱን ያሳጠረ ይመስለኛል። ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ሁሉም ይግባ ለሚለውም፣ ሁሉም ይውጣ ለሚለውም።

ሌላም ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር አለ። ካስተር ሴሜንያን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ የ800 ሜትር ሯጭ። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ስሟ አብሮ ይነሳል፤ ግን ቦታው አይደለም። ሴሜንያ ሴት ተብላ ተወልዳ በሴትነት ያደገች ናት፤ የእሷ ጉዳይ በተፈጥሮ ያለ የጾታ ዕድገት ልዩነት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ጆንያ ሲከተቱ ሁለቱም ይበላሻሉ። የዓለም አትሌቲክስ ራሱ ለረጅም ጊዜ በተለያየ ደንብ ነበር የሚያያቸው። በማርች 2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በሴቶች ምድብ እንዳይወዳደሩ ወሰነ። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና በሴቶች ምድብ የሚሰለፉ ሁሉ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የጂን ምርመራ እንዲያደርጉ አዘዘ። በቶኪዮ ለተካሄደው ሻምፒዮና የተዘጋጁ አትሌቶች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ የዚህ ደንብ የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች ሆነዋል።

ነገር ግን በቶኪዮ የሚሮጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ እንጀራቸው ነው። የትምህርት ቤት ስፖርት ሌላ ነው። ልጅ ከትምህርት በኋላ ከመንገድ የሚርቅበት፣ ጓደኛ የሚያፈራበት፣ መሸነፍን የሚለምድበት ቦታ ነው። በዚያው ላይ ግን ዋንጫ አለ፤ የፍጻሜ መም አለ፤ ከሁሉም በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ለጎበዝ አትሌት የሚሰጡት ነጻ የትምህርት ዕድል አለ። አንዱ ሜዳ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው አንዱ ወገን የመጀመሪያውን ሥራ፣ ሌላው ሁለተኛውን ብቻ ስለሚያይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ደንቦቹ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት ስፖርትን የሚመራ አንድ ብሔራዊ ፌዴሬሽን አለ እንበል እንጂ፣ በተግባር እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ማኅበር አለው፤ ማን ይጫወት የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ2007 ተማሪዎች እንደ ማንነታቸው ይሰለፉ የሚል ደንብ አወጣ፤ ካሊፎርኒያ በ2013 ይህንኑ በሕግ ደነገገች። ቴክሳስ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ይታይ አለች።

የቴክሳሱ ደንብ ያመጣው ነገር መነገር አለበት። አንድ ሴት ተብሎ የተወለደ ትራንስጀንደር ወንድ ልጅ ነጻ ትግል ይታገል ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ ቴስቶስትሮን ይወስዳል። ከወንዶች ጋር ልታገል ብሎ ጠየቀ። የልደት ወረቀትህ ሴት ይላል ተባለና ከሴቶች ጋር እንዲታገል ተገደደ። በ2017ም በ2018ም የግዛቱ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነ። ታዳሚው አጨበጨበም፣ ጮኾም ተቃወመ። የሴቶችን ውድድር ይጠብቃል የተባለው ደንብ፣ ሴቶቹን ቴስቶስትሮን ከሚወስድ ታጋይ ጋር አጋጠማቸው። ወረቀት ብቻ የሚያይ ደንብ እንዲህ ያለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

የተገላቢጦሹን ኮነቲከት ላይ እናገኘዋለን። እዚያ የግዛቱ ማኅበር ምንም ዓይነት የሕክምና ቅድመ ሁኔታ አልነበረውም፤ ተማሪዋ ሴት ነኝ ካለችና ትምህርት ቤቷ ካመነ በቂ ነው። ሁለት ትራንስጀንደር የአጭር ርቀት ሯጮች ብቅ አሉና በተከታታይ ማሸነፍ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2020 የሌሎች ሯጮች ቤተሰቦች ክስ መሠረቱ። ክሱ እንደሚለው፣ ሁለቱ ሯጮች 15 የግዛት ሻምፒዮና ድሎችን ወስደዋል፤ ከዚያ በፊት በ2016 እነዚያ ድሎች የ9 የተለያዩ ልጃገረዶች ነበሩ። ከከሳሾቹ አንዷ ክሱ በተመሠረተ በቀናት ውስጥ ከሁለቱ አንዷን በ55 ሜትር ቀደመቻት፤ ይህም ለተከሳሾቹ ወገን ጥሩ መከራከሪያ ሆነ። ግን አንድ ጊዜ መቅደም፣ ሳይቀድሙ የቀሩበትን ጊዜ አይመልስም ባዮችም ነበሩ። ጉዳዩ በ2021 ውድቅ ተደረገ፤ በ2023 መጨረሻ ላይ ደግሞ የይግባኙ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተሰብስበው እንደገና ይታይ አሉ። ልጆቹ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ዓመታት አልፈዋል። የፍርድ ቤት ሰዓት ከተማሪ ዕድሜ ጋር አይሄድም።

የኮነቲከት ክስ በተመሠረተ በሁለተኛው ወር፣ በማርች 30 ቀን 2020፣ የአይዳሆ አገረ ገዥ ብራድ ሊትል በአገሪቱ የመጀመሪያውን ክልከላ በፊርማቸው አጸደቁ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ ያወጡት ግዛቶች 27 ደርሰዋል። የአይዳሆውን ለየት የሚያደርገው ግን የማጣሪያው አንቀጽ ነበር። የአንዲት ተማሪ ጾታ ጥያቄ ከተነሳበት፣ ሐኪም የመራቢያ አካሏን፣ የሆርሞን መጠኗን ወይም ጂኗን መርምሮ ያረጋግጥ ይላል። ሕጉን በፍርድ ቤት ከተቃወሙት ሁለት ተማሪዎች አንዷ ትራንስጀንደር አልነበረችም። ሴት ሆና የተወለደች የሁለተኛ ደረጃ አትሌት ናት፤ “ሰውነቴ ጠንካራ ስለሆነ ነገ ተመርመሪ ብባልስ?” ብላ ነው የከሰሰችው።

ስጋቷ ከንቱ አልነበረም። በዚያው በዩታ አንዲት ልጅ ውድድር በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆች ወላጆች አቤቱታ አቀረቡ። የግዛቱ የስፖርት ማኅበር ለልጅቱም ለቤተሰቧም ሳይነግር የትምህርት ቤት መዝገቧን እስከ መዋዕለ ሕፃናት ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ መረመረ። በሁሉም ላይ ሴት ይላል። ሴት ነበረች።

ወላጆች ይህን ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። አጥር ሲታጠር በር ላይ ጠባቂ ይቆማል፤ ጠባቂው የሚፈትሸው የሚገባውን ሁሉ ነው። ረጅሟን፣ ትከሻዋ ሰፊውን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠችውን፣ ከሌሎቹ ይልቅ የምትፈጥነውን። ይህ አጥሩ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው። ክልከላውን የሚደግፍ ሰው “እንዴት ትጣራለች?” ለሚለው ጥያቄ የሚያሳፍር ያልሆነ መልስ ማዘጋጀት አለበት። ክልከላውን የሚቃወም ሰውም “በግዛት ፍጻሜ ላይ ስምንተኛዋ መም የማን ናት?” ሲባል ትከሻውን መነቅነቅ አይበቃውም።

(አጭር ሙዚቃ)

በ2025 ነገሩ ከግዛቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ዋይት ሐውስ ገባ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ትራንስጀንደር ሴቶችን የሚያወዳድሩ ትምህርት ቤቶች የፌደራል ገንዘብ እንዲከለከሉ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲዎቹ ስፖርት ማኅበር ትእዛዙን ተከትሎ ደንቡን ለወጠ። የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር ከሁለት ወር በፊት ለሴኔቱ ሲናገሩ፣ ከ510,000 ያህል አትሌቶች ውስጥ የሚያውቋቸው ትራንስጀንደር አትሌቶች 10 እንደማይሞሉ ተናግረው ነበር። ከትእዛዙ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ አገረ ገዥዎች ዋይት ሐውስ ተሰብስበው ሳለ ትራምፕ የሜይኗን ጃኔት ሚልስን በሰው ፊት ትእዛዙን ትፈጽሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ሚልስ የግዛታቸውንና የፌደራሉን ሕግ እንደሚያከብሩ መለሱ፤ ቀጥለውም ፍርድ ቤት እንገናኝ አሏቸው። ተገናኙም፤ በኤፕሪል የፍትሕ ሚኒስቴር ሜይንን ከሰሰ። በሕግ አውጪው በኩል ግን ክልከላውን አገር አቀፍ የሚያደርገው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ206 አልፎ፣ ሴኔቱ ላይ የሚፈለገውን 60 ድምፅ ሳያገኝ በ51 ለ45 ቆመ።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል የእኔን ትኩረት የሳበው ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሎቪስ በምትባል ከተማ የሆነው ነው። በሜይ 2025 መጨረሻ የግዛቱ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ አንዲት ትራንስጀንደር ተማሪ በሦስት የዝላይ ዓይነቶች ለፍጻሜ ማለፏ ታወቀ። ትራምፕ ገንዘብ እከለክላለሁ አሉ። የግዛቱ የስፖርት ማኅበር ልጅቷን አላስወጣም፤ ደንቡን ግን በሁለት በኩል አሰፋው። በእሷ ምክንያት ለጥቂት ማጣሪያ ሳታልፍ የቀረች ልጃገረድ ካለች ተጨምራ ትግባ። ሜዳሊያ ሲሰጥም ከእሷ በታች የወጡት፣ እሷ ባትኖር ኖሮ የሚያገኙትን ደረጃ ይዘው መድረክ ይውጡ። ልጅቷ ከፍታ ዝላይና ሱሉስ ዝላይን አሸነፈች፤ ርዝመት ዝላይ ላይ ሁለተኛ ሆነች፤ መድረኩንም ከሌሎቹ ጋር ተጋራች።

ሁሉንም ያስደሰተ መፍትሔ አይደለም። በሁለት ሰው የተያዘ አንደኛነት አንደኛነት ነው ወይ? የሚል አለ። ልጅቱን በሜዳው ላይ ቆማ እንደሌለች መቁጠር ነው የሚልም አለ። እኔ ግን ይህ መንገድ ከሌሎቹ የተሻለ ሐቀኛ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከጠቀስኳቸው ውስጥ የተጎዳው ማን ሊሆን እንደሚችል ቆጥሮ የተነሳ ብቸኛው ደንብ ነው። በቡድን ስፖርት ላይ፣ ለምሳሌ በመረብ ኳስ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ቦታ የአንድ ሰው ነው። ይህም ቢሆን የፌደራሉን መንግሥት አላረካም፤ በጁላይ ካሊፎርኒያም ተከሰሰች።

አሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን ይህ ጉዳይ የሩቅ ዜና እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁ አገር አቋራጭ ይሮጣሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዛችሁ ሜዳ ዳር የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ደንቡ ግን ወንዝ ሲሻገሩ ይለያያል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትማር ልጅና ከፖቶማክ ማዶ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትማር የአክስቷ ልጅ በአንድ ደንብ አይሮጡም፤ የቨርጂኒያ ማኅበር በፌብሩዋሪ 2025 የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ ተከትሎ ደንቡን ለውጧል። በሚኒሶታ ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን ትእዛዙን ተቃውመው ከሰዋል። ጥያቄ ያለው ወላጅ በቲክቶክ ከሚሰማው ይልቅ የልጁን ትምህርት ቤት የስፖርት ኃላፊ፣ በእነሱ ቋንቋ አትሌቲክ ዳይሬክተሩን፣ የግዛቱን ማኅበር የዘንድሮ ደንብ እንዲያሳየው መጠየቅ ይሻለዋል። ደንቡ በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል።

ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጥተን እንጨርስ። በጁላይ 2025 ፍርድ ቤቱ ሁለት ጉዳዮችን ለማየት ተስማማ፤ የአይዳሆውንና የዌስት ቨርጂኒያውን። የዌስት ቨርጂኒያው ጉዳይ በ2021 ሲጀመር ባለጉዳይዋ 11 ዓመቷ ነበር፤ የጠየቀችውም በመለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ከሴቶቹ ጋር አገር አቋራጭ ልሩጥ ነው። የጉርምስና ማገጃ መድኃኒት ስለወሰደች በወንድ ጉርምስና አላለፈችም። ቀደም ብዬ ስለ ዕድሜ ያነሳሁት ነገር እዚህ ላይ ነው ሥጋ የሚለብሰው። ግዛቱ የሚለው፣ ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ ደም እየለካ አይወጣም፤ መስመሩ ሲወለዱ ባለ ጾታ ላይ ይሰመር፣ ግልጽም ይሁን ነው። የልጅቱ ጠበቆች የሚሉት፣ ክልከላው የቆመው በጉርምስና በሚገኝ ብልጫ ላይ ከሆነ፣ ያንን ብልጫ ያላገኘችውን ልጅ በምን ምክንያት ይከለክላል? ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2024 ለልጅቱ ፈርዶ ነበር። ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ዘጠኙ ዳኞች የሁለቱንም ወገን ክርክር አዳመጡ።

ዜናውን ስትከታተሉ ይህን ልዩነት ያዙልኝ። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው አንድ ግዛት መከልከል ይችላል ወይ? የሚለውን ነው። ይችላል ማለት ሁሉም ይከልክል ማለት አይደለም። እንደ ካሊፎርኒያና ሜይን ያለ፣ ይግቡ ያለ ግዛት ታይትል ናይንን ጥሷል ወይ? የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የፍትሕ ሚኒስቴር በእነዚህ ሁለት ግዛቶች ላይ የመሠረታቸው ክሶችም የሚያነሱት እሱን ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)